ቅንጭብም ናቹራል ነው

ነቀምቴ ውስጥ አንድ ኮስሞቲክስ ቤት በር ላይ ግማሽ ሰዓት ቆሞ ጆሮውን የሰጠ ሰው ደጋግሞ የሚሰማው ቃል ዋጋ አይደለም፤ የፋብሪካ ስምም አይደለም። ቃሉ «ናቹራል» ነው። ዕድሜዋ አርባን የተሻገረ አንዲት ሴት ትገባለች፤ መምህርት ልትሆን ትችላለች፣ የወረዳ ሠራተኛም፣ የእህል ነጋዴም። ግንባሯ ላይ መስመር ጀምሯል፣ ጉንጯ ላይ ማድያት አለ። ሻጩ ልጅ ገና ፊቷን እንዳየ ጠርሙሱን ያነሳል፤ «አዴ፣ ይሄ ኬሚካል የለውም። ሬቲኖል ነው፣ ከዕፅዋት ነው፣ ናቹራል ነው። በሳምንት ውስጥ ለውጡን ራስሽ ታይዋለሽ።» ያው ንግግር ጊምቢም አለ፣ ነጆም አለ፣ ሻምቡና ደምቢ ዶሎም አለ። ሱቅ ለማትወጣው ደግሞ በስልኳ ይመጣል፤ «ዋጋ በኢንቦክስ፣ ዴሊቨሪ አለን።»

በእነዚያ አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ውስጥ ስንት ውሸት እንደታጨቀ ሴትዮዋ ልታውቅ አትችልም። ብዙ ጊዜ ሻጩም አያውቅም። ግን አለማወቁ ገንዘቡን ከመቀበል አላገደውም፤ ስለዚህ ከተጠያቂነትም ሊያድነው አይገባም።

ከስሙ እንነሳ። ሬቲኖል ማለት ቫይታሚን ኤ ነው፤ በትክክል ለመናገር ከቫይታሚን ኤ መልኮች አንዱ። ይህ ነገር ተክል ውስጥ የለም። ካሮት ውስጥ ያለው፣ ጎመን ውስጥ ያለው፣ ቢጫ ስኳር ድንች ውስጥ ያለው ቤታ ካሮቲን የሚባል ሌላ ነገር ነው፤ ሰው ሲበላው በዋናነት አንጀት ውስጥ ወደ ቫይታሚን ኤ ይለወጣል። ፊት ላይ የተቀባ ካሮት ግን አንጀት ውስጥ አልገባም። ሬቲኖል ራሱ በተፈጥሮ የሚገኘው ከእንስሳት ነው፤ ጉበት ውስጥ፣ የእንቁላል አስኳል ውስጥ፣ ወተትና ቅቤ ውስጥ። በየጠርሙሱ የሚገባው ደግሞ በአብዛኛው ፋብሪካ ውስጥ በኬሚስቶች የሚቀመም ነው፤ ይህም ነውር የለበትም። ስለዚህ «ከዕፅዋት የተሠራ ናቹራል ሬቲኖል» የሚለው ነገር ከጤፍ የተናጠ ቅቤ እንደማለት ነው። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ወይ ከዕፅዋት አይደለም፣ ወይ ሬቲኖል አይደለም፤ ወይም ደግሞ ሁለቱንም አይደለም።

አስቂኙ ነገር እውነተኛ ናቹራል ሬቲኖል የሚፈልግ ሰው ከወለጋ መውጣት አያስፈልገውም። የዚያ አገር እናቶች ፀጉራቸውንና ፊታቸውን ሲቀቡት የኖሩት ቅቤ ሬቲኖል አለው። በዱባይ ሻንጣ አልመጣም፣ ስያሜም አልተለጠፈለትም። ግን መጠኑ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ በ100 ግራም ቅቤ ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኤ 1 ሚሊ ግራም እንኳ አይሞላም። 0.3 በመቶ ሬቲኖል ያለው የፊት ክሬም በ100 ግራም 300 ሚሊ ግራም ይይዛል። ከሦስት መቶ እጥፍ በላይ ልዩነት ማለት ነው። ቅቤ ቆዳን ያለሰልሳል፣ ድርቀትን ይከላከላል፤ መሸብሸብን ግን አይመልስም። አያቶቻችንም ይመልሳል ብለው ለማንም አልሸጡትም።

አሁን «ናቹራል» እና «ንጹሕ» ወደሚሉት ቃላት እንምጣ። እነዚህ ቃላት ከውጭ ከነሸቀጡ የመጡ ናቸው፤ እዚያ በተወለዱበት አገር እንኳ ሕጋዊ ትርጉም የላቸውም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ለመዋቢያ ምርት «ናቹራል» ማለት ይህ ነው ብሎ የደነገገው ነገር የለም። ማንም ኩባንያ ቅጠል ሥሎ ማተም ይችላል። ቅጠሉ የሚናገረው ስለ ሣጥኑ ሠዓሊ እንጂ ስለ ክሬሙ አይደለም።

ደግሞስ ተፈጥሮ መቼ ነው ለሰው ፊት ቃል የገባችው? ቅንጭብ ናቹራል ነው። ወተት የመሰለ ፈሳሹ ዓይን ውስጥ ከገባ ምን እንደሚያደርግ በጓሮው አጥር ያጠረ ሁሉ ያውቃል። ሎሚ ናቹራል ነው። «ፊትን ያጠራል» ተብሎ የሎሚ ጭማቂ ተቀብታ ፀሐይ ላይ የወጣች ሴት ግን ቆዳዋ ሊቃጠል፣ ቃጠሎው ሲድን ደግሞ ከማድያቱ የባሰ ጥቁር ምልክት ሊተውላት ይችላል፤ ሎሚው ከፀሐይ ጋር ሲገናኝ የሚያደርገው ነው፣ በሕክምና ስም ያለው ጉዳት ነው። በተቃራኒው ቫዝሊንን እንይ። ከነዳጅ ዘይት የሚወጣ፣ ከ1872 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የባለቤትነት መብት የተሰጠው፣ «ናቹራል» ሊባል ከቶ የማይችል ነገር ነው። ሆኖም ደረቅ ቆዳ ውኃውን እንዳያጣ በማገድ ቫዝሊንን የሚስተካከል ጥቂት ነው፤ ጉዳቱም እጅግ ትንሽ ነው፤ ከመደርደሪያው ዕቃ ሁሉም ርካሹ እሱ ነው። ነጋዴው ግን ቫዝሊንን ከታች መደርደሪያ፣ «ናቹራሉን» ከላይ በዓይን ትይዩ ያስቀምጠዋል። ለምን እንደሆነ ለመገመት የንግድ ትምህርት አይጠይቅም።

የዚህ መድኃኒት ቤተሰብ ታሪኩም ንጹሕ አይደለም። ከሬቲኖል የሚበረታው ወንድሙ ትሬቲኖይን ለብጉር ሕክምና አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው በ1971 እ.ኤ.አ. ነው። በፀሐይ የተጎዳና የሸበሸበ ቆዳን እንደሚያሻሽል ያሳየው ታዋቂ ጥናት የወጣው ደግሞ በ1986 እ.ኤ.አ. ነው። ከሁለቱም ጀርባ ያሉት የፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲው ሐኪም አልበርት ክሊግማን ናቸው። እኚህ ሰው ፊላደልፊያ በሚገኘው የሆልምስበርግ እስር ቤት በእስረኞች ቆዳ ላይ ለዓመታት ሙከራ ሲያካሂዱ የነበሩ ናቸው፤ ሙከራው የቆመው በ1974 እ.ኤ.አ. ነው፤ አብዛኞቹ እስረኞች ጥቁሮች ነበሩ። መድኃኒቱ ይሠራል። ግን በጥቁር እስረኛ ጀርባ ላይ የተፈተነን ነገር ቅጠል ለጥፎ «ንጹሕ» ብሎ መሸጥ ትንሽ ማፈርን ይጠይቃል።

አዎ፣ ይሠራል። ይህ መካድ የለበትም፤ «ክሬም ሁሉ ውሸት ነው» የሚሉ ተመጻዳቂዎችም ተሳስተዋል። ሬቲኖል ቆዳ ውስጥ ገብቶ በሁለት እርከን ወደ ሬቲኖይክ አሲድ ይለወጣል፤ ይህም የቆዳ ሴሎች ቶሎ ቶሎ እንዲታደሱ፣ ቆዳን የሚደግፈው ኮላጅን እንዲመረት ያዛል። ግን ጊዜ ይወስዳል። የሚታይ ለውጥ የሚመጣው በአብዛኛው ከሦስት ወር አካባቢ ጀምሮ ነው፤ ለጥልቅ መስመር ደግሞ ከዚያ በላይ ይፈጃል። ከዚያ በፊት፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት፣ ፊት ይደርቃል፣ ይቀላል፣ ይላጣል። በጥቁር ቆዳ ላይ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ የተቆጣ ጥቁር ቆዳ ሲድን ጥቁር ነጠብጣብ ይተዋል። ለዚህ ነው በሳምንት ሁለት ሌሊት፣ የአተር ፍሬ በምታህል መጠን መጀመር ያለበት።

እንግዲህ የሻጩን ቃል መልሰን እናስታውስ፤ «በሳምንት ውስጥ ለውጡን ታይዋለሽ።» ሬቲኖል በሳምንት ውስጥ ፊት አያበራም። በሳምንት ውስጥ ፊት የሚያበሩ ነገሮች ግን አሉ፤ ስማቸውም ይታወቃል። አንደኛው እንደ ክሎቤታሶል ያለ ኃይለኛ ስቴሮይድ ነው። መቅላቱን ያጠፋል፣ ቆዳውን ያለሰልሳል፣ ያቀላል፤ ሴትዮዋ ጎረቤቶቿ «ምን ተቀባሽ?» እያሉ ሲያስጨንቋት ደስ ይላታል። ከወራት በኋላ ቆዳዋ እንደ ወረቀት ይሳሳል፣ ደም ሥሮቿ ይታያሉ፣ ብጉር ይወርራታል፤ ልተው ስትል ፊቷ እሳት የነካው ያህል ይቃጠላል። ስለዚህ ተመልሳ ትገዛለች። ነጋዴው «ቋሚ ደንበኛ» የሚለው ይህንን ነው። ሌላው ሃይድሮኪኖን ነው፤ ለረጅም ጊዜ ያለ ሐኪም ከተቀቡት ራሱ የማይለቅ ሰማያዊ ጥቁር ቀለም ቆዳ ላይ ያስቀራል። የአውሮፓ ኅብረት ከመዋቢያ ቅባቶች ካስወጣው ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። ሦስተኛው ሜርኩሪ ነው፤ ኩላሊት ይጎዳል፣ በማህፀን ላለ ሕፃን ይተላለፋል፣ በፎጣና በአንሶላ አድርጎ ክሬሙን ነክተው ወደማያውቁ የቤቱ ልጆች ይደርሳል። የሚናማታ ስምምነት አባል አገሮች በ2023 እ.ኤ.አ. ባደረጉት ጉባኤ በመዋቢያ ውስጥ ሜርኩሪ መጨመርን በማንኛውም መጠን ለመከልከል ተስማምተዋል።

ሜርኩሪ ያለበትን ክሬም አንዳንዴ የራሱ ወረቀት ያጋልጠዋል። «ካሎሜል» የሚል ቃል ካለ እሱው ነው። «ወርቅ፣ ብር ወይም አሉሚኒየም አያስነኩ» የሚል ማስጠንቀቂያ ካለም ያው ነው፤ ሜርኩሪ ወርቅን ስለሚያበላሽ ነው። ለጣት ቀለበት የሚፈሩለትን ነገር ለጣቱ ባለቤት ፊት ሲሸጡት አለመፍራታቸው ይገርማል። መለያ ጽሑፍ ከነጭራሹ የሌለው፣ ከትልቅ ዕቃ እየተቀነሰ በትንሽ ብልቃጥ «ቅምም» ተብሎ የሚሸጠው ደግሞ ከሁሉም የከፋ ነው፤ እሱ ውስጥ ምን እንዳለ የቀመመው ሰው ብቻ ያውቃል፣ እሱም ካወቀ።

ስለ ቁጥሩም አንድ ነገር እንበል። በየሱቁ «2.5 በመቶ ሬቲኖል» የሚል ሣጥን ሞልቷል። የአውሮፓ ኅብረት በ2024 እ.ኤ.አ. ባወጣው ደንብ 2024/996 ለፊት ቅባት የፈቀደው ከፍተኛ መጠን 0.3 በመቶ ነው፣ ለሰውነት ሎሽን ደግሞ 0.05 በመቶ። ምክንያቱ ሰው ቫይታሚን ኤ ከምግብም ስለሚያገኝ ድምሩ እንዳይበዛ ነው። ታዲያ 2.5 የሚለው ሣጥን እውነቱን ከሆነ ከዚያ ጣሪያ ስምንት እጥፍ አልፏል፤ ከቶ ፊት ላይ መድረስ አልነበረበትም። ውሸቱን ከሆነ ደግሞ፣ ብዙውን ጊዜ እንደሚሆነው የተበረዘ ውሁድ መጠን ቆጥሮ የሬቲኖል አስመስሎት ከሆነ፣ ሴትዮዋ ለቁጥር ነው የከፈለችው። ለነጋዴው ግን ትልቅ ቁጥር ትልቅ ዋጋ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ምን ግድ ይሰጠዋል።

እውነተኛና በልክ የተቀመመ ሬቲኖል ቢመጣ እንኳ መንገድ አለ። ሬቲኖል ብርሃን፣ አየርና ሙቀት ሲነካው የሚበላሽ ነገር ነው። ለዚህ ነው ደህና አምራቾች ብርሃን በማያሳልፍ፣ አየር በማያስገባ ዕቃ የሚያሽጉት። ከአዲስ አበባ ነቀምቴ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ደምቢ ዶሎ ደግሞ 600ን ያልፋል። ያ ጠርሙስ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ሲጋገር፣ መንገድ ሲዘጋ መጋዘን ሲከርም ሰንብቶ ይደርሳል። ከደረሰ በኋላስ? ግልጽ ጠርሙሱ መስኮት ላይ፣ ፀሐይ ፊት ለፊት ይደረደራል፤ እንዲታይ። ገዢዋ ወደ ቤቷ የምትወስደው ሬቲኖል የነበረ ነገር ነው።

ከሁሉም የሚያስቆጣው ግን ሌላ ነው። ይህ የመድኃኒት ቤተሰብ ከፅንስ ጋር አይስማማም። የሚዋጠው ዓይነት ፅንስን በከባድ ሁኔታ እንደሚጎዳ በማያሻማ መልኩ ተረጋግጧል። የሚቀባው ወደ ደም የሚገባው በትንሹ ቢሆንም ሐኪሞች እርጉዝ ሴትና ለመፀነስ ያሰበች ሴት እንዳትጠቀመው ይመክራሉ። እንግዲህ ማድያት በብዛት የሚወጣው መቼ ነው? በእርግዝና ጊዜ! ማለትም ለማድያቷ መፍትሔ ፍለጋ ሱቅ የምትገባው ሴት ይህንን ነገር ፈጽሞ መንካት የሌለባት ሴት ልትሆን ትችላለች። «እርጉዝ ነኝ፣ ችግር የለውም?» ብላ ብትጠይቅ የምታገኘው መልስ የታወቀ ነው፤ «ናቹራል እኮ ነው፣ ምንም አይልም።» እዚህ ላይ «ናቹራል» ማስታወቂያ መሆኑ ያበቃል፤ የሐኪምን ምክር የሚሽር ቃል ይሆናል።

«ከዕፅዋት» የሚባል ነገር ሁሉ ባዶ ነው ማለት አይደለም። ባኩቺዮል የሚባል፣ ሕንድና ቻይና ከሚበቅል ተክል ዘር የሚወጣ ንጥረ ነገር አለ። 44 ሰዎች ለ12 ሳምንት በተሳተፉበት፣ በእንግሊዝ የቆዳ ሕክምና መጽሔት በ2019 እ.ኤ.አ. ውጤቱ በታተመ ሙከራ መሸብሸብን በመቀነስ ከሬቲኖል ጋር ተቀራራቢ ሆኗል፤ መላጡና መቆጥቆጡም አንሷል። ጥሩ ተስፋ ነው፤ 44 ሰው ግን ትንሽ ነው። ባኩቺዮል ደግሞ ባኩቺዮል እንጂ ሬቲኖል አይደለም። በስሙ ቢሸጥ ማን ይከለክላል?

እዚህ ላይ የሚነሳ ክርክር አለ። «አገር በጦርነትና በኑሮ ውድነት እየተለበለበ ስለ ፊት ክሬም ታወራላችሁ? ሴቶቹስ ለምን አርፈው አያረጁም?» የሚል። ይህን የሚሉት በአብዛኛው ወንዶች ናቸው። ከአርባ በላይ የሆነች ሴት መልኳን መጠበቅ መፈለጓ ወንጀል አይደለም፤ እነዚሁ ተቺዎች ሥራ ሲቀጥሩም ሚስት ሲያጩም የሚያዩት ፊት ነው። ወለጋ ባለፉት ዓመታት ያየችውን መከራ ያየች ሴት ደግሞ በመስታወት ፊት ለራሷ አምስት ደቂቃ ብትሰጥ የሚያስቀይመው ማንን ነው? የኑሮ ውድነቱማ ክርክሩን ያጠናክረዋል እንጂ አያዳክመውም። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ጀምሮ ብር በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ ከ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አልፏል፤ ከውጭ የሚመጣ ጠርሙስ ሁሉ አብሮ ወጥቷል። ገንዘቧ ሲያጥር መታለሏ የባሰ በደል ነው።

ገዢዎቹ ሞኞች አይደሉም። ጥያቄያቸውን የሚመልስ ሰው ነው ያጡት። የቆዳ ሐኪም በብዛት ያለው አዲስ አበባ ነው። ከነጆ ተነስቶ አለርት ሆስፒታል ድረስ ለማድያት መሄድ ማለት የአውቶቡስ፣ የአልጋ፣ የምግብ ወጪ፣ ከዚያ ላይ የመንገዱ ስጋት ማለት ነው። ኮስሞቲክስ ቤቱ ግን ከበሯ አምስት ደቂቃ ነው፤ ሻጩም ቋንቋዋን ይናገራል፣ ይስቅላታል። ሣጥኑ በእንግሊዝኛ፣ በአረብኛ ወይም በኮሪያኛ ነው፤ በአፋን ኦሮሞ የተጻፈ የለም፣ በአማርኛም የለም። ታዲያ ከማን ትስማ?

ሕግ የለም እንዳይባል አዋጅ ቁጥር 1112/2011 አለ። ምግብና መድኃኒትን ብቻ ሳይሆን የመዋቢያ ምርቶችንም የሚቆጣጠር ነው፤ አስፈጻሚውም የኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው። ባለሥልጣኑ አልፎ አልፎ «ይህን ምርት አትጠቀሙ» የሚል ማሳሰቢያ ያወጣል። ማሳሰቢያው አዲስ አበባ ይወጣል፣ ጋዜጠኞች ያነቡታል፣ ያበቃል። ጊምቢ ያለችው ገዢ በቋንቋዋ፣ በሬዲዮ፣ በጤና ኬላዋ ግድግዳ ላይ አታገኘውም። የክልሉ ጤና ቁጥጥር ሠራተኞች የመድኃኒት ቤት ፈቃድ ግድግዳ ላይ መሰቀሉን ያያሉ፤ ከጎኑ ያለው ኮስሞቲክስ ቤት በግልጽ የሚሸጠውን የስቴሮይድ ቱቦ ግን እንደ ሎሽን ቆጥረው ያልፉታል። መድኃኒት ቤቶችም ከደሙ ንጹሕ ነን ማለት አይችሉም። ትሬቲኖይን፣ ሃይድሮኪኖንና ስቴሮይድ የተቀላቀሉበት የማድያት ክሬም አለ፤ እሱም በ1975 እ.ኤ.አ. በክሊግማን ቀመር የተጀመረ ነው። በሐኪም ትእዛዝ ለተወሰኑ ሳምንታት ሲሰጥ ጥሩ መድኃኒት ነው። ያለ ማዘዣ፣ ያለ «አቁሚ» ሲሸጥ ግን ከላይ የተዘረዘሩት ጉዳቶች ሁሉ በአንድ ቱቦ ናቸው።

ሬቲኖል ሳይገዙ ቆዳን ከእርጅና ማዘግየት ይቻላል፤ ይህም ማንም የማይሸጠው መረጃ ስለሆነ ማንም አይናገረውም። የፊት ቆዳን ከዕድሜ በላይ የሚያስረጀው ዋናው ነገር ፀሐይ ነው። ነቀምቴ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ግድም ላይ፣ ከምድር ወገብ ብዙም ሳትርቅ ያለች ከተማ ናት፤ ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ቆዳ የሚጎዳው ጨረር ከ10 በመቶ በላይ ይጨምራል። የአየሩ ቅዝቃዜ ጨረሩን አይቀንሰውም። አውስትራሊያ ውስጥ ከ900 በላይ ጎልማሶችን ለአራት ዓመት ተኩል የተከታተለና በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት የፀሐይ መከላከያ ክሬም በየቀኑ እንዲቀቡ የተደረጉት ሰዎች ቆዳ፣ እንደፈለጉ ከተተዉት ጋር ሲነጻጸር፣ እርጅናው በ24 በመቶ ያነሰ ሆኖ አግኝቶታል። የተሳተፉት በአብዛኛው ነጮች ስለነበሩ ቁጥሩ እንዳለ ለእኛ አይገለበጥም፤ ጥቁር ቆዳ የራሱ መከላከያ አለው። ማድያትን ግን ፀሐይ ታባብሰዋለች፤ ይህ ለጥቁር ቆዳም ይሠራል። የፀሐይ ክሬም መግዛት የማትችል ሴት ጃንጥላ አላት፣ ሰፊ ባርኔጣ አለ፣ ነጠላ አለ። እናቶቻችን ገበያ ሲሄዱ ጃንጥላ ይዘረጉ የነበረው ለዝናብ ብቻ መስሎ ከታየን ተሳስተናል። ማታ ፊትን በለስላሳ ሳሙና ታጥቦ ቫዝሊን መቀባት፤ ከዚያ ገንዘብ ከተረፈ፣ እርግዝናም ከሌለ፣ መጠኑ 0.3 በመቶ ወይም ከዚያ በታች ተብሎ የተጻፈበት፣ ብርሃን በማያሳልፍ ዕቃ የታሸገ ሬቲኖል።

ከነጋዴዎቹ የሚጠየቀውም ከባድ አይደለም። የሚሸጡት ጠርሙስ ውስጥ ምን እንዳለ፣ በምን ያህል መቶኛ፣ ማን እንዳስገባው፣ መቼ እንደሚያበቃ በደረሰኝ ላይ ይጻፉ፤ ለእርጉዝ ሴት «ይህ ለአንቺ አይሆንም» ይበሉ፤ ዕቃውን ከመስኮት ያንሱ። ደረሰኝ ላይ መጻፍ የማይፈልግ ካለ፣ ለምን እንዳልፈለገ ለደንበኛው ፊት ለፊት ይንገራት።